ጀመክ ጊሚሬን ያስተማራት ማን ነው?

ስለ ኔፓላዊቷ ጸሐፊ ስለ ጀመክ ኩማሪ ጊሚሬ የሚጻፈው ሁሉ ከሞላ ጎደል ከግራ እግሯ ይጀምራል። እጆቿ አይታዘዙላትም፣ በአንደበቷ አትናገርም፣ በግራ እግሯ ጣቶች እስክርቢቶ ይዛ ትጽፋለች። በዚያው እግር የጻፈችው ግለ ታሪክም የአገሯን ትልቁን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አስገኝቶላታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የሚያሳዝነው ዘገባው እዚያው ላይ ማለቁ ነው። አንባቢው በጽናቷ ተደንቆ ይሄዳል፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ልጅ ፊደል እንዴት ቆጠረች፣ ማንስ አስተማራት የሚለው ጥያቄ ግን ሳይነሳ ይቀራል። ለሌሎች ልጆች የሚጠቅመው ደግሞ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው፤ በኔፓል አቆጣጠር የተጻፈ ካለ ተጠቅሷል።)

ጀመክ የተወለደችው በሐምሌ 1980 በምሥራቅ ኔፓል ኮረብታዎች፣ በዳንኩታ አውራጃ ካቺዴ በምትባል መንደር ነው። አካባቢውን ከቆላው ከተማ ከዳራን ጋር የሚያገናኘው፣ በእንግሊዝ እርዳታ የተሠራው የመኪና መንገድ ያለቀው በ1982 ነው። ዛሬ የምሥራቁ ክፍል ሕመምተኛ ሁሉ የሚሄድበት የዳራኑ ቢ.ፒ. ኮይራላ የጤና ሳይንስ ተቋም ደግሞ እሷ ስትወለድ ለመቋቋም ገና 13 ዓመት ይቀረው ነበር። በ1981 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት የኔፓል ሴቶች 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የዚያ ዘመን የኮረብታ ቤት ጤነኛዋን ሴት ልጅ እንኳ ለማስተማር ያመነታ ነበር። የማትናገረውንና የማትቆመውን ማስተማር በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም።

ጀመክ ሴሬብራል ፓልሲ አለባት። ይህ ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ከተወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ጊዜያት ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። ጉዳቱ ራሱ እየጨመረ አይሄድም፤ በጡንቻና በመገጣጠሚያ ላይ የሚያስከትለው ችግር ግን ክትትል ካላገኘ ከዕድሜ ጋር ይከብዳል። በጣም የተለመደው ዓይነት ጡንቻን የሚያገትረው ሲሆን ከአምስት ሰዎች አራቱን ያህል ይይዛል። ሌላው ዲስኪኔቲክ የሚባለው ነው፤ ሰውነት ካለ ፈቃድ ይወራጫል፣ ይጠማዘዛል። ይህኛው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሕፃኑ በወሊድ ሰዓት አየር ሲያጥረው ወይም የወፍ በሽታ የሚባለው ቢጫነት ሳይታከም ሲቀር ነው። ቢጫነቱን የሚያመጣው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ሲበዛ እንቅስቃሴን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል ያበላሻል። በሰማያዊ ብርሃን ሥር ማስተኛት በአብዛኛው ይበቃ ነበር። በተወለደ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ ሕፃን፣ ወይም ቢጫነቱ መዳፉና ውስጥ እግሩ ድረስ የደረሰ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት፤ ፀሐይ ማሞቅ አይበቃውም። በኔፓል በ1996 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2022 79 በመቶ ደርሰዋል።

ቤተሰብን ይበልጥ የሚያሳስተው ግን ሌላ ነገር ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ሰዎች ከአራቱ አንዱ ያህል መናገር አይችልም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ደግሞ ግማሽ ያህሉ ናቸው። ይህ ማለት የማይናገር፣ ምራቁ የሚወርድ፣ ፊቱ የሚጨማደድ ልጅ ሁሉንም ነገር እየሰማና እየተረዳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም። መለየት የሚቻለው ልጁ የሚመልስበት መንገድ ሲያገኝ ብቻ ነው።

ጀመክ መንገዱን ያገኘችው ከዳር ሆና ነው። በቤት ውስጥ ትምህርት የሚሰጠው ለእህቷ ነበር። አባት ፊደል ያስጠናል፣ እህት ትደግማለች፣ ጀመክ በጎን ሆና ትሰማለች፣ ታያለች። ከዚያ በእግር ጣቷ መሬት ላይ፣ አቧራ ላይ ቅርጹን ትሞክራለች። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አላረመላትም። በአካባቢው እምነት የአካል ጉዳት ባለፈው ሕይወት የተሠራ ኃጢአት ዋጋ ተደርጎ ይቆጠራል። እኛም ዘንድ እርግማን ወይም የእግዜር ቁጣ እየተባለ ልጅ ጓዳ የሚደበቅበት ቤት ስላለ ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የተረገመች ተብላ የታሰበች ልጅ ፊደል ጻፈች ብሎ የሚደሰት ሰው ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶባታል።

የኔፓል ጋዜጦች «የኔፓሏ ሔለን ኬለር» ይሏታል። ማሞገሳቸው ነው፤ ንጽጽሩ ግን ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል። ማየትና መስማት የተሳናት ሔለን ኬለር ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላት አን ሰሊቫን የተባለች አስተማሪ ተቀጥራላታለች። ሰሊቫን የመጣችው ለዓይነ ስውራን ከተቋቋመው የፐርኪንስ ትምህርት ቤት ሲሆን በጣቶቿ በልጅቷ መዳፍ ላይ ፊደል እየጻፈች ቀን ከሌት አስተምራታለች። ኬለር በ1904 ከራድክሊፍ ኮሌጅ ስትመረቅ ከጎኗ ያለችው ያቺው መምህርት ነበረች። በኬለር ታሪክ ውስጥ ሙያ፣ ገንዘብና ተቋም አለ። ጀመክ አንዱም አልነበራትም። ሁለቱን እኩል አድርጎ ማቅረብ መምህርት አለመኖሯን እንደ ቀላል ነገር ያስቆጥራል።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ስሌት አለ። ጀመክ የሰማችው የእህቷ ትምህርት እዚያው ቤት ስለተሰጠ ነው። ትምህርቱ በሙሉ በት/ቤት ቢሆን፣ እሷ በሌላ ክፍል ተዘግቶባት ቢሆን፣ ወይም እህቷ ከዚያ ዘመን የኔፓል ሴቶች 88 በመቶ እንደሆኑት ሳትማር ብትቀር ኖሮ ኔፓል ጸሐፊዋን አታውቃትም ነበር።

ለምን እግር?

ብዙዎች በእግር መጻፍን እንደ ተአምር ያዩታል፤ ምክንያቱ ግን የሚታወቅ ነው። በዲስኪኔቲክ ዓይነት ሴሬብራል ፓልሲ ክንድና እጅ ከእግር ይልቅ በጣም ይጎዳሉ። ልጁ እጁን ወደ አንድ ነገር ሊሰድ ሲያስብ እጁ ይበልጥ ይወራጫል፤ እግሩ ግን መሬት ላይ ተደግፎ ስለሚቀመጥ ይረጋጋል። ከሁለቱ እግሮችም አንዱ የተሻለ ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያ ልጁን ሲያይ የሚጀምረው «ከሰውነቱ የትኛው ክፍል ነው ሲፈልግ የሚንቀሳቀስ፣ ሳይፈልግ የሚቆም?» ብሎ ነው። መልሱ እግር፣ ጉልበት፣ አገጭ፣ የጭንቅላት ጎን ወይም የዓይን እይታ ብቻ ሊሆን ይችላል። እጅ እንዲሠራ ብቻ እየታገሉ ዓመታት ማባከን በየቤቱ የሚታይ ስሕተት ነው።

እግር ከተገኘ በኋላ ሥራው ገና ይጀምራል። መጀመሪያ ወገብና ጀርባ ይደገፋል፤ ከላይ የሚወዛወዝ ሰውነት ከታች ያለውን ጣት አያሳርፍምና። ወለል ላይ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ ወይም ዝቅ ያለ መደገፊያ ያለው መቀመጫ ይሻላል። ወረቀቱ በአራቱም ማዕዘን በፕላስተር ይጣበቃል፤ አለዚያ እግሩ ሲጎተት አብሮ ይሄዳል። ብዕሩ በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ይያዛል። ቀጭን ከሆነ ይሽከረከራል፣ ስለዚህ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ይጠመጠምበታል። ጫን ካላሉት የማይጽፍ እስክርቢቶ ጣትን ቶሎ ያደክማል፤ ለስላሳ እርሳስ ወይም ሲነካ የሚጽፍ ማርከር ይመረጣል። በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ይላጣል፣ ይቆስላል፤ በኮረብታው የብርድ ወራት ደግሞ ቅዝቃዜው ጣቶቹን ያደርቃቸዋል። ስለዚህ አጭር ጊዜ ጽፎ ማረፍ ነው። ረጅም ጊዜ ሲታገሉ ድካሙ መወራጨቱን ያብሰዋል፣ መወራጨቱ ድካሙን።

የኔፓልኛ ጽሕፈት ደቫናጋሪ በዚህ ላይ የራሱ ፈተና አለው። ፊደሎቹ ከላይ ባለ አግድም መስመር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ክብ ቀለበት አላቸው። ረጅሙ መስመር ከጉልበትና ከዳሌ እንቅስቃሴ ሊወጣ ይችላል፤ ትንሿ ቀለበት ግን የቁርጭምጭሚትና የጣት ሥራ ናት። ዓይንም ከእግር ጣት ያለው ርቀት ከእጅ ካለው ይበልጣል። በእግር የሚጽፍ ጀማሪ ፊደሉን ግዙፍ አድርጎ የሚጽፈው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። መምህሩ «አሳንሰህ ጻፍ» ማለት የለበትም፤ ሰፊ ወረቀት መስጠት ነው ያለበት። የአቧራው ሜዳ ለጀመክ የሰጣትም ይህንኑ ነበር፤ ስፋት፣ የማይሰበር ብዕር፣ በእግር ተጠርጎ እንደገና የሚሞከር ገጽ።

በእግርም መጻፍ ለማይችሉት

የጀመክን ታሪክ የሰማ ወላጅ ልጁን እግሩን እያየ «ለምን አንተስ?» እንዳይል ያሰጋል። ብዙ ልጆች ጣታቸውም አይታዘዝም። ለእነሱ ያለው ርካሽና የተፈተነ መሣሪያ የመግባቢያ ሰሌዳ ነው። መጀመሪያ የሚመሠረተው የ«አዎ» እና የ«አይ» ምልክት ነው። ሁለቱ ምልክቶች ፈጽሞ የተለያዩ መሆን አለባቸው፦ ለምሳሌ ለአዎ ወደ ላይ ማየት፣ ለአይ ዓይን ጨፈን ማድረግ። ጭንቅላት መነቅነቅ ራሱን ለማይቆጣጠር ልጅ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ሳይፈልግም ይነቀንቃልና።

ቀጥሎ ፊደል ይመጣል። ደቫናጋሪ እዚህ ላይ ያግዛል፤ የመጀመሪያዎቹ 25 ተነባቢዎች በባህሉ አምስት አምስት እየሆኑ በአምስት ረድፍ የተደረደሩ ናቸው። ረዳቱ ረድፎቹን አንድ በአንድ ይጠቁማል፣ ልጁ «አዎ» ሲል በዚያ ረድፍ ውስጥ ፊደሎቹን ይጠቁማል። ከእነዚህ ማንኛውም ፊደል ቢበዛ በአሥር ጥቆማ ይገኛል።

የእኛ ፊደል ገበታም ለዚሁ ሥራ ይመቻል። 33ቱን ሰባት ሰባት አድርጎ መክፈል ነው፦ ከሀ እስከ ሰ፣ ከሸ እስከ ነ፣ ከኘ እስከ ዘ፣ ከዠ እስከ ጨ፣ ከጰ እስከ ፐ፤ የመጨረሻው አምስት ፊደል ብቻ ይይዛል። ልጁ መጀመሪያ ክፍሉን፣ ከዚያ ፊደሉን፣ ከዚያ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ይመርጣል። «ውሃ» ለማለት ሦስተኛው ክፍል፣ አምስተኛው ፊደል፣ ሳድስ፤ ከዚያ አንደኛው ክፍል፣ አንደኛው ፊደል፣ ራብዕ። 231 ሆሄያትን አንድ በአንድ ከመጠቆም ይልቅ ለአንድ ሆሄ ቢበዛ 18 ጥቆማ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ካርቶን፣ ማርከርና የሚቆይ ሰው ነው።

ከሦስቱ የሚጠፋው የመጨረሻው ነው። ረዳቱ ይቸኩላል፤ ልጁ ሁለት ፊደል እንደመረጠ ቃሉን ራሱ ይጨርስለታል። ልጁ ሊል ያሰበው ሌላ ነበር፤ ለማረም ደግሞ ሃያ ጥቆማ ስለሚፈጅበት ይተወዋል። ይህ ሲደጋገም ልጁ መናገሩን ያቆማል፤ ቤተሰቡም «ሰሌዳው አልሠራለትም» ይላል። ሁለት ጥያቄ በአንድ ጊዜ መጠየቅም ያው ነው፦ «ርቦሃል ወይስ ልተኛ ትላለህ?» ለሚለው «አዎ» ምንም አይመልስም። ልጁ ከጠየቁት በኋላ ለመመለስ አሥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ሊፈልግ ይችላል፤ ዝምታውን መሙላት መልሱን መንጠቅ ነው።

ጸሐፊዋ

ጀመክ በሰፊው ከመታወቋ በፊት ግጥም ታሳትም ነበር፤ የግጥም መድብሎች አሏት፣ በካንቲፑር ዕለታዊ ጋዜጣም አምደኛ ሆናለች። ይህ የታሪኳ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኛ ግን ትልቁን ቦታ እንሰጠዋለን። የጋዜጣ አምድ ማለት ቀነ ገደብ፣ አርታኢ፣ የሚቃወም አንባቢ ማለት ነው። የተደነቀ ሰው አንድ ጊዜ ይጨበጨብለታል፤ አምደኛ ግን በሚቀጥለው ጊዜም የሚለው ነገር ሊኖረው ይገባል። ጀመክ የምትለው ነበራት፤ ስለ ሴቶች ሁኔታ፣ ስለ ድህነት፣ ሰውን ከሰው ስለሚያበላልጥ ልማድ።

«ሕይወት እሾህ ናት ወይስ አበባ» እንደማለት የሆነ ርእስ የተሰጠው ግለ ታሪኳ ጂወን ካንዳ ኪ ፉል በ2010 ታትሞ በኔፓል አቆጣጠር የ2067ን የመደን ሽልማት አገኘ። ይህ ሽልማት ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየዓመቱ ለላቀ የኔፓልኛ መጽሐፍ የሚሰጥ ሲሆን በአገሪቱ ከዚያ የሚበልጥ ክብር ለጸሐፊ የለም። መጽሐፉ ደጋግሞ ታትሟል፣ ወደ እንግሊዝኛም ተተርጉሟል።

መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ሊያስተውለው የሚገባው ጸሐፊዋ ሐዘኔታ አለመለመኗን ነው። ዓመታት ሙሉ በዙሪያዋ ያሉ ሰዎች አትሰማም ብለው በፊቷ ያሻቸውን ተናግረዋል፤ እሷ ግን ትሰማ ነበር። አንድ ቤት፣ አንድ መንደር ራሱን ሳይጠብቅ የተናገረውን ሁሉ ያስቀመጠ ምስክር ማለት ናት። ኃይሉ ያለው እዚህ ነው። በእግር መጻፏን የማያውቅ አንባቢ ቢያነበውም መጽሐፉ አይጎድልበትም።

ከእርሷ በፊት የመደን ሽልማትን ያገኘች ሌላ የአካል ጉዳተኛ ሴትም አለች። ፓሪጃት በሚለው የብዕር ስሟ የምትታወቀው ቢሽኑ ኩማሪ ዋይባ በ1937 በሕንድ ዳርጂሊንግ ተወልዳ በ1954 ወደ ካትማንዱ መጣች። ገና በወጣትነቷ ያገኛት ሕመም ሰውነቷን ሽባ አድርጎ ከቤት አዋላት። ሺሪሽኮ ፉል በተባለው ልብ ወለዷ የ1965ን ሽልማት ስትቀበል የመጀመሪያዋ ሴት ተሸላሚ ነበረች፤ እስከ ሞተችበት እስከ 1993 ድረስም ጽፋለች። የሁለቱ ልዩነት አስተማሪ ነው። ፓሪጃት ሕመሙ ሳይጠናባት ተምራለች፤ ትናገርም ነበር። ካትማንዱ ስለነበረች ደግሞ ራልፋ የተባለው የ1960ዎቹ የወጣት ደራስያን እንቅስቃሴ አባላት እሷ ዘንድ ይሰበሰቡ ነበር። እሷ መውጣት ባትችል ሥነ ጽሑፉ ወደ እሷ ገባ። በካቺዴ መንደር ወዳለችው ልጅ ግን የሚገባ ሰው አልነበረም።

ከሽልማቱ በኋላ ያለው ሕግ

ኔፓል የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀችው በግንቦት 2010 ነው፤ ይህም የጀመክ ሽልማት በሚጠራበት በዚያው በ2067 ዓመት መሆኑ ነው። ኢትዮጵያም በዚያው በ2010፣ በሐምሌ አጽድቃለች። በ2017 የወጣው የኔፓል የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ጉዳትን በአሥር ዓይነት ይመድባል። የድምፅና የንግግር ጉዳት ለብቻው ቆሟል፤ ተደራራቢ ጉዳትም እንዲሁ። ይህ መልካም ነው፤ የማይናገር ልጅ በሕግ ፊት ስም አገኘ።

አሠራሩ በመታወቂያ ነው። ካርዱ አራት ቀለም አለው፦ ሙሉ በሙሉ በሌላ ሰው እርዳታ ለሚኖር ቀይ፣ ለከባድ ጉዳት ሰማያዊ፣ ለመካከለኛ ቢጫ፣ ለቀላል ነጭ። ወርኃዊ ድጎማ ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ ለቀይ 3,990፣ ለሰማያዊ 2,128 የኔፓል ሩፒ። በዚያው ዓመት የሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 15,000 ሩፒ ነበር። ስለዚህ ቀይ ካርድ የያዘ ሰው ድጎማውን በሙሉ ቢሰጥ እንኳ የረዳት ደመወዝ ሩቡን ያህል ብቻ ነበር መሸፈን የሚችለው። ቀሪውን የሚሸፍኑት እናትና እህት ናቸው፤ ያለ ክፍያ፣ ዕድሜ ልካቸውን።

ካርዱን ለማግኘት ከ753ቱ የአካባቢ አስተዳደሮች በአንዱ መቅረብ ያስፈልጋል። ልጁን በጀርባ አዝሎ ኮረብታ መውረድ ለሚገባው ቤተሰብ፣ በተለይም ስለ ልጁ መናገር ለሚያፍር ቤተሰብ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2021 ቆጠራ አካል ጉዳት አለባቸው ተብለው የተመዘገቡት 2.2 በመቶ ብቻ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ደግሞ ለመላው ዓለም 16 በመቶ ነው። በኢትዮጵያ በ2007 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ የተመዘገቡት ከ1.2 በመቶ በታች ነበሩ። ልዩነቱ በአብዛኛው ከአጠያየቅ ይመጣል። «ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲባል ሰው ይሸሽጋል፤ «በተለመደው ቋንቋችሁ ሐሳቡን ለመግለጽ የሚቸገር አለ?» ሲባል ግን ይናገራል። ሁለተኛው ጥያቄ በብዙ አገር የተፈተነና ለቆጠራ የተዘጋጀ ነው፤ በመጠይቁ ላይ የሚጨምረውም ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ለማይናገር ልጅ አስተማሪ መመደብ የሚቻለው ልጁ መኖሩ በመዝገብ ሲገኝ ነውና፣ የሁለቱም አገሮች ቀጣይ ቆጠራ በዚህ መልክ እንዲጠይቅ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ከመጠይቁ ዝግጅት ጀምሮ መግባት አለባቸው።